ወርቅ ያሳደገው መብራት፤ የደቡብ አፍሪካው ኤስኮም ታሪክና የዛሬው ጭንቀቱ

ዓርብ ጃንዋሪ 25 ቀን 2008 በደቡብ አፍሪካ የሚገኙት ሦስቱ ታላላቅ የወርቅ ኩባንያዎች፣ አንግሎጎልድ አሻንቲ፣ ጎልድ ፊልድስና ሃርመኒ፣ በማዕድን ማውጫዎቻቸው ሥራ አቆሙ። ያቆሙት ወርቁ አልቆ ወይም ሠራተኛው አድሞ አልነበረም። ኤስኮም የተባለው የአገሪቱ የመንግሥት መብራት ኩባንያ የማይቋረጥ ኃይል ለመስጠት ዋስትና እንደሌለው ስላስታወቃቸው ነው። ከምድር በታች ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ ለሚሠራ ሰው መብራት ጠፋ ማለት አምፖል ጠፋ ማለት ብቻ አይደለም። አሳንሰሩ ይቆማል፣ አየር የሚነፋው ማራገቢያ ይቆማል፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ይቆማል። በዚህ ሁኔታ ሰው ወደ ጉድጓድ ማውረድ በሕይወት መጫወት ነው። ማውጫዎቹ አምስት ቀን ያህል ቆሙ፤ በዓለም ገበያም የወርቅ ዋጋ ወዲያውኑ ዘለለ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ የመብራት ችግር በየጊዜው በዜና ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሙስናና ስለ አሮጌ ማሽኖች ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ኤስኮም ከመነሻው ለማን ተብሎ እንደተሠራ ካልታወቀ ዛሬ የደረሰበትን ነገር መረዳት አስቸጋሪ ነው። ኤስኮም ያደገው በወርቅ ነው። የወርቅ ማውጫዎች ባይኖሩ ኖሮ በአፍሪካ ትልቁ የመብራት ኩባንያ በዚያ አገር ባልተሠራ ነበር። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ኩባንያ ትልቁ ደንበኛው ሲያንስ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። (የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከእኛም ያን ያህል የራቀ አይደለም። በሐደራ ወይም በአሽቀሎን የምትኖሩ አንባቢያን በባሕሩ ዳር የቆሙትን ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ታውቋቸዋላችሁ። በእነዚያ ጣቢያዎች ሐብራት ሐሽማል ለብዙ ዓመታት ካቃጠለው የድንጋይ ከሰል ውስጥ ብዙው በመርከብ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ያ ከሰል የሚቆፈርበት የአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ የኤስኮም ታላላቅ ጣቢያዎች የተተከሉበት ቦታ ነው። ዛሬ እስራኤል አብዛኛውን መብራቷን የምታገኘው ከባሕር ውስጥ ከሚወጣው ጋዝ ቢሆንም፣ የብዙዎቻችን ቤት ማቀዝቀዣ ለረጅም ጊዜ በዚያው ከሰል ሠርቷል።

አንድ ቶን ድንጋይ፣ ጥቂት ግራም ወርቅ

በ1886 ላንግላግተ በተባለ የእርሻ ቦታ ወርቅ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጆሃንስበርግ ተቆረቆረች። ወርቁ ግን ብዙዎቻችን በአገራችን የምናውቀው ዓይነት አልነበረም። በወለጋ ወይም በቤንሻንጉል ሰው በወንዝ ዳር አሸዋ በገበቴ እያጠበ ወርቅ ያወጣል። የዊትዋተርስራንድ ወርቅ ግን ለዓይን በማይታይ ቅንጣት ተበትኖ በጠንካራ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ ነው። አንድ ቶን ድንጋይ ተፈጭቶ አሥር ግራም ያህል ወርቅ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ሁለት የጋብቻ ቀለበት ቢወጣው ነው። ያ ድንጋይ ደግሞ እያዘቀዘቀ ወደ ምድር ውስጥ ይገባል። ዛሬ ላይ ላዩን የቆፈረ ነገ አንድ መቶ ሜትር፣ ከነገ ወዲያ አንድ ሺህ ሜትር መውረድ አለበት።

ስለዚህ በዚያ አገር ወርቅ ማውጣት ማለት ድንጋይ ማጓጓዝ ማለት ነው። ድንጋዩ ይሰረሰራል፣ በፈንጂ ይፈርሳል፣ በአሳንሰር ወደ ላይ ይወጣል፣ በመፍጫ ይደቅቃል። ከ1890 ጀምሮ ደግሞ በሲያናይድ ውሃ ተዘፍዝፎ ወርቁ ይለያል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚመነጨው ውሃ ሌሊትና ቀን መሳብ አለበት፤ ካልተሳበ ጉድጓዱ ይሞላል። ለሠራተኛው አየር መነፋት አለበት። ይህ ሁሉ ጉልበት ይፈልጋል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ማውጫ የራሱን የእንፋሎት ሞተር ተክሎ፣ እንጨትና ከሰል እያቃጠለ ይሠራ ነበር። ከወርቁ ሰፈር በስተምሥራቅ የድንጋይ ከሰል መገኘቱ ትልቅ ዕድል ሆነ። ወርቅና ከሰል እንዲህ ጎረቤት ሆነው የተፈጠሩበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። በ1897 ብራክፓን በተባለው ቦታ በከሰሉ አጠገብ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ተሠርቶ ለማውጫዎቹ ኃይል መሸጥ ተጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን የወርቅ ዋጋ የተቆረጠ ነበር። የእንግሊዝ ገንዘብ በወርቅ የተመዘነ ስለነበረ ወርቅ አምራች እንደ ቡና ነጋዴ ዋጋ ጨምሮ ሊሸጥ አይችልም። የሚቀረው መንገድ ወጪ መቀነስ ብቻ ነው። ከዋና ዋናዎቹ ወጪዎች ሁለቱ የሰው ጉልበትና የማሽን ጉልበት ናቸው። የሰው ጉልበት ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ፣ ከማላዊና ከራሷ ከደቡብ አፍሪካ ገጠር በኮንትራት በሚመጡ ጥቁር ሠራተኞች ተሸፈነ። እነዚህ ሰዎች ቤተሰባቸውን ትተው በታጠረ ግቢ እየኖሩ፣ በጣም ዝቅተኛ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር። ማሽኑ ደግሞ ርካሽ መብራት አስፈለገው። የኤስኮም ታሪክ ከዚህ ስሌት የወጣ ነው።

ስሙ ፏፏቴ፣ ሥራው ከሰል

በ1906 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ስሙም የቪክቶሪያ ፏፏቴ ኃይል ኩባንያ ተባለ። ሐሳቡ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ካለው ታላቁ ፏፏቴ መብራት አመንጭቶ እስከ ጆሃንስበርግ ድረስ በሽቦ ማምጣት ነበር። ርቀቱ በቀጥታ መስመር እንኳ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ዘዴ ይህ የማይቻል ሆነ። ኩባንያው ወዲያው ወደ ከሰል ዞረ፤ ሲምርፓን፣ ሮሸርቪልና ፈሪኒኪንግ በተባሉ ቦታዎች ጣቢያዎችን ተከለ። የፏፏቴውን ስም ግን ከአርባ ዓመት በላይ ይዞ ኖረ። ገንዘቡ ከለንደንና ከጀርመን የመጣ ሲሆን ብዙው ማሽን ከጀርመኑ የኤሌክትሪክ ድርጅት ከአኤጌ ተገዛ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ከታላላቆቹ የመብራት አምራቾች አንዱ ሆኖ ነበር። ለማውጫዎቹ መብራት ብቻ ሳይሆን ድንጋይ መሰርሰሪያውን የሚያንቀሳቅስ የታመቀ አየርም በቧንቧ ይሸጥላቸው ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአይሁድ ስደተኞች ስም በብዛት ይነሳል። ከሊቱዌንያ ከድህነት ሸሽቶ የመጣው ሳሚ ማርክስ በመጀመሪያ ዕቃ ተሸክሞ እየዞረ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። ኋላ ፈሪኒኪንግ ላይ የከሰል ማውጫ ከፈተ፤ የመብራት ኩባንያውም በ1912 ታላቅ ጣቢያውን ያቆመው በዚያው በፈሪኒኪንግ ነው። ዛሬ በራእናናና በሌሎችም ከተሞች የምናገኛቸው የደቡብ አፍሪካ ዖሊሞች አብዛኞቹ ከእነዚሁ የሊቱዌንያ ስደተኞች የተወለዱ ናቸው። እርግጥ ማርክስ እንደ ጥቂቶቹ ባለጸጎች ሆነ እንጂ፣ አብዛኛው የአይሁድ ስደተኛ በዚያ አገር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ነበር።

መንግሥት ሲገባ

የግል ኩባንያው እየገነነ ሲሄድ የትራንስቫል መንግሥት በ1910 ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት መንግሥት ከ35 ዓመት በኋላ ኩባንያውን ገዝቶ የመውሰድ መብት ነበረው። ቀጥሎም የባቡር መስመሮችን በኤሌክትሪክ ለማስኬድ ስለተፈለገ ቻርልስ መርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተጠርቶ ጥናት አቀረበ። በ1922 የኤሌክትሪክ ሕግ ጸደቀ፤ ማርች 1 ቀን 1923 ኤስኮም ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሄንድሪክ ፋን ደር ባይል የተባለ፣ በጀርመንና በአሜሪካ የሠራ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ሕጉ አንድ ትልቅ ነገር ይዟል፦ ኤስኮም ያለ ትርፍና ያለ ኪሳራ፣ በወጪው ልክ መብራት እንዲሸጥ ያዛል። ሲያዩት ለሕዝብ የታሰበ ይመስላል፤ ለሕዝብም ሊጠቅም የሚችል ሕግ ነው። ነገር ግን በወጪው ልክ የሚሸጠውን መብራት በብዛት የሚገዛው ማውጫው ስለነበረ ትልቁን ጥቅም ያገኘውም እርሱ ነው።

በዚያው በ1923 ዓመተ ምሕረት በእኛም አገር ፒንሐስ ሩተንበርግ የዛሬውን ሐብራት ሐሽማል መሠረተ። የአሽቀሎኑ ጣቢያ በስሙ የተጠራው ለዚህ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች እኩዮች ናቸው። ሩተንበርግ ግን ሥራውን የጀመረው የቴል አቪቭን መንገድና ቤት በማብራት ነው። ኤስኮም ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ዓይኑን ያሳረፈው በባቡሩ፣ በፋብሪካውና በማውጫው ላይ ነበር።

ኤስኮም ሲቋቋም የፏፏቴው ኩባንያ ደንበኞቹን እንደያዘ ቀጠለ። ስለዚህ ሁለቱ ተስማሙ። ዊትባንክ በተባለው የከሰል አገር ኤስኮም ጣቢያ አስገነባ፤ ጣቢያው በ1926 ሥራ ሲጀምር የሚያስኬደው ኩባንያው ነበር፣ መብራቱንም ገዝቶ ለማውጫዎቹ የሚሸጠው እርሱው ነበር። በዲሴምበር 1932 ደግሞ ሁሉን የለወጠ ነገር ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ገንዘቧን ከወርቅ ምዘና አላቀቀች፤ በአገሩ ገንዘብ ሲቆጠር የወርቅ ዋጋ በአንድ ጊዜ በከፍተኛ ደረጃ ጨመረ። ትናንት «ይህማ ወጪውን አይሸፍንም» ተብሎ የተተወ ድንጋይ ዛሬ የሚያዋጣ ሆነ። አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ የቆዩት ጠለቁ፣ የመብራት ፍላጎቱም አብሮ ናረ። በ1936 ሥራ የጀመረው የክሊፕ ጣቢያ በጊዜው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ትልቁ ነበር።

በመጨረሻ በ1948 ኤስኮም የፏፏቴውን ኩባንያ በ14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ለግዢው በገንዘብ የረዳው አንግሎ አሜሪካን የተባለው፣ በ1917 በኧርነስት ኦፐንሃይመር የተመሠረተው የማዕድን ድርጅት ነው። ነገሩ ሲጤን፣ ትልቁ ገዢ መንግሥት ሻጩን ድርጅት እንዲወስድ ገንዘብ ያበደረበት ግዢ ነው። ማውጫዎቹ ከግል ባለሀብት ይልቅ ትርፍ የማይፈልግ የመንግሥት ኩባንያ ቢያገኙ እንደሚሻላቸው በሚገባ ያውቁ ነበር። እንግዲህ አንድን ድርጅት «የሕዝብ» የሚያሰኘው የባለቤትነት ወረቀቱ ብቻ ነው ወይ? የሚያሰኝ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሽቦው በላያቸው የሚያልፍ ሰዎች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር አዲስ የወርቅ መስክ ተገኘ፤ ኤስኮምም ጣቢያ በጣቢያ ላይ እየጨመረ ሄደ። በ1970 የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ምርት ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ብቻ አንድ ሺህ ቶን ያህል አወጣች። ይህ በዓለም ከተመረተው ወርቅ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነበር። ጉድጓዶቹም ጠለቁ። ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ ያለው ምፖነንግ የተባለው ማውጫ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እዚያ ታች ድንጋዩ ራሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ሰው እንዲሠራበት ከላይ በረዶ እየተሠራ በቧንቧ ይላካል። በዚያ ጥልቀት ወርቅ የሚገኘው በመብራት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ መብራት ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ላዩ ላይ የሚኖረው ሕዝብስ? በገጠር በኩራዝ ያደጉ ወላጆች ያሉን ሰዎች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን፤ ልዩነቱ በጎንደር ገጠር ሽቦ የሚባል ነገር ጨርሶ አለመኖሩ ነው። በሶዌቶ ግን ሽቦው ነበረ፤ በላያቸው ያልፋል። የጆሃንስበርግ ማዘጋጃ ቤት ኦርላንዶ የተባለውን ጣቢያ የተከለው በሶዌቶ ደጃፍ ነው። ጭሱ በሰፈሩ ላይ ይወርዳል፤ መብራቱ ወደ ነጮቹ ከተማ ይሄዳል። የሶዌቶ እናቶች ግን ለአሥርተ ዓመታት በከሰል ምድጃ ያበስሉ፣ በሻማ ያበሩ ነበር። ሰፈሩ በስፋት መብራት ማግኘት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። በ1994 አፓርታይድ ሲያበቃ፣ በአፍሪካ ከተመረተው መብራት ከግማሽ በላይ የሚያመነጭ አገር ውስጥ መብራት ያለው ቤት ከሦስቱ አንዱን ብዙም የማይበልጥ ነበር።

ከጉድጓዱ የሚወጣው ማዕድን ቆፋሪ ቀኑን ሙሉ በኤሌክትሪክ አየር እየተነፈሰ፣ በኤሌክትሪክ አሳንሰር ወጥቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ የሚያገኘው ጨለማ ነው። ይህ የፖለቲካ ሥርዓቱ ክፋት ብቻ አልነበረም፤ የመብራት ኩባንያው የአሠራር ስሌትም ነበር። ወደ ድሃ መንደር ሽቦ መዘርጋት በወጪ ልክ ለሚሸጥ ኩባንያ አያዋጣም፤ ለአንድ ማውጫ መዘርጋት ግን በወራት ውስጥ ገንዘቡን ይመልሳል።

ትልቁ ደንበኛ ሲያንስ

የመብራት ሥራን የማያውቅ ሰው ደንበኛ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። የወርቅ ማውጫ ሌሊትም ቀንም፣ በጋም ክረምትም ያው ነው፤ ፓምፑና ማራገቢያው አያርፉም። የከሰል ጣቢያ ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። እሳቱ አንዴ ከተቀጣጠለ በእኩል መጠን እየነደደ ቢውል ያዋጣል። ቤተሰብ ግን እንዲህ አይደለም። ቀን ሰው ሥራና ትምህርት ቤት ነው፤ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ምድጃ ይለኩሳል፣ ውሃ ያፈላል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል። ለእነዚያ ሦስት ሰዓታት ሲባል ብቻ ተጨማሪ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ሌላው ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ኤስኮም ሰባ ዓመት ሙሉ ለመጀመሪያው ዓይነት ደንበኛ ከተሠራ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሁለተኛው እንዲያገለግል ታዘዘ።

ትእዛዙ ትክክል ነበር። ከ1994 በኋላ ሚሊዮኖች ቤቶች መብራት ገባላቸው፤ ዛሬ ከአሥር ቤት ከስምንት በላይ የሚሆነው አለው። በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ በዚህ ፍጥነት የሠራ አገር ጥቂት ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኤስኮም በ1980ዎቹ ከፍላጎቱ በላይ ጣቢያ ሠርቶ ስለነበረ በ1990ዎቹ መብራቱ ተርፎ፣ ዋጋውም ከዓለም እጅግ ርካሽ ከሚባሉት መካከል ነበር፤ አንዳንድ ጣቢያዎች እንዲያውም ተዘግተው ነበር። በ1998 የወጣው የመንግሥት የኃይል ፖሊሲ ሰነድ ትርፉ በ2007 አካባቢ እንደሚያልቅ ጽፎ አስጠነቀቀ። አዲስ ጣቢያ ይሠራ ወይስ ለግል ባለሀብት ይተው በሚል ክርክር ዓመታት አለፉ። በዲሴምበር 2007 ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤስኮም ትክክል እንደነበረና መንግሥት እንደተሳሳተ በይፋ አምነው ይቅርታ ጠየቁ። በወሩ በመግቢያችን ያነሳነው የማውጫዎቹ መዘጋት ደረሰ። ሰነዱ ዓመቱን እንኳ አልሳተም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በብዛት የተወራ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሜዱፒና ኩሲሌ የተባሉ፣ እያንዳንዳቸው 4,800 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ግንባታ ተጀመረ፤ ግን ከታሰበው ጊዜና ገንዘብ እጅግ አለፉ። በዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ2022 ባወጣው ዘገባ በኤስኮም ውስጥ የተፈጸመውን ዘረፋ በዝርዝር አሳየ። በ2023 የመብራት ፈረቃው ከምንጊዜውም የከፋ ሆነ፤ መብራት ያልጠፋበት ቀን የተቆጠረ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት 254 ቢሊዮን ራንድ የሚሆነውን የኤስኮም ዕዳ ለመሸከም ወሰነ። ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አንድሬ ደ ራይተር ደግሞ በዲሴምበር 2022 መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ በቡናቸው ሲያናይድ ተጨምሮ እንደተመረዙ ተናግረዋል። ሲያናይድ ወርቅ የሚጣራበት ያው ኬሚካል መሆኑ ሰውን ያስገርማል።

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ በጀፒ መንገድ አካባቢ፣ ሕንጻዎችን ሞልተው የሚነግዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ለእነርሱና ለመሰሎቻቸው ሱቅ ፈረቃ ማለት ጄኔሬተርና ነዳጅ፣ የማይሠራ የክፍያ ማሽን፣ ጨለማን ተገን የሚያደርግ ሌባ ማለት ነበር። ከማርች 2024 መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ድረስ አሥር ወር ያህል መብራት በፈረቃ ሳይጠፋ ቆየ፤ በ2025 የመጀመሪያ ወራት ጥቂት ቀናት ተመልሶ ነበር። ነገሩ በእርግጥ ተሻሽሏል። የተሻሻለበት አንዱ ምክንያት ግን የጣቢያዎቹ ጥገና ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ራሱ እየሸሸ መሆኑ ነው።

የሚሸሸውስ ማን ነው? አቅም ያለው ነው። መንግሥት በ2021 ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ እስከ 100 ሜጋ ዋት ለራሳቸው እንዲያመነጩ ፈቀደ፤ በ2023 ደግሞ ይህን ገደብ ጭራሽ አነሳ። የወርቅ ማውጫዎች ቀድመው ተጠቀሙበት። ጎልድ ፊልድስ በሳውዝ ዲፕ ማውጫው 50 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ጣቢያ ተክሎ በ2022 ሥራ አስጀመረ፤ ሃርመኒም በዚያው መንገድ ገብቷል። የአገሪቱ የወርቅ ምርት ዛሬ ከ1970ው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ቻይና በ2007 የመጀመሪያነቱን ወስዳባታለች። የተረፉት ማውጫዎች ግን ደኻ አይደሉም። በኦክቶበር 2025 አንድ አውንስ ወርቅ ከ4,000 ዶላር አልፏል።

ማውጫዎቹ የራሳቸውን መብራት ማምረታቸው ክፋት አለው ለማለት አይደለም። ኃይል ያቃለላሉ፣ ጭስ ይቀንሳሉ፤ በ2008 የደረሰባቸውን ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። ችግሩ የሚቀረው ሒሳብ ነው። ሽቦው፣ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች፣ የብድሩ ወለድ፣ ደንበኛ ቢቀንስም አይቀንሱም። ማውጫው ቀን በፀሐይ እየሠራ ማታና ደመና ሲሆን ወደ ኤስኮም ይመለሳል፤ በኪሎ ዋት ቆጣሪ ግን የሚከፍለው የወሰደውን ያህል ነው። ሌላው ቀሪ ሒሳብ ጣሪያው ላይ ፀሐይ መትከል በማይችለው ቤተሰብ ላይ ይከፋፈላል። የመብራት ዋጋ በ2023 ከመቶ 18.65፣ በ2024 ከመቶ 12.7 ገደማ፣ በ2025 እንደገና ከመቶ 12.7 ገደማ ጨምሯል። ድሃው ሰፈር መክፈል ሲያቅተው ማዘጋጃ ቤቱ ለኤስኮም አይከፍልም፤ የማዘጋጃ ቤቶች ዕዳ ወደ 100 ቢሊዮን ራንድ ደርሷል። ዕዳው ተመልሶ የዋጋ ጭማሪ ይሆናል።

በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ ቀድሞ መስተካከል ያለበት የሽቦው ዋጋ ነው። በጁላይ 2024 የማስተላለፊያ መስመሮቹ ራሱን ለቻለ ድርጅት ተላልፈዋል፤ ባለቤቱ አሁንም ኤስኮም ነው። ይህ ድርጅት ለመጠባበቂያ ብሎ ሽቦውን የሚይዝን ትልቅ ኩባንያ ተገቢውን የመስመር ኪራይ ካላስከፈለ፣ መቶ ዓመት ሙሉ በወጪው ልክ መብራት ሲገዛ የኖረ ደንበኛ ወጪውን ለሌላ ትቶ ይወጣል። ኤስኮም ባለፉት ዓመታት የክፍያ አወሳሰኑን በዚህ አቅጣጫ ለመቀየር ጀምሯል። ግን ቋሚ ክፍያ በማውጫውም በጡረተኛዋም ቤት እኩል ሲጫን አስታራቂ ሳይሆን ሌላ ሸክም ይሆናል።

አንድ የተረሳ ወጪም አለ። የወርቅ ጉድጓድ ሲዘጋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ከተፈጨው ድንጋይ ጋር ተገናኝቶ አሲድ እየሆነ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። በ2002 ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ በክሩገርስዶርፕ አካባቢ ይህ ውሃ ከምድር ፈልቆ ወደ ወንዝ ገባ። ብዙዎቹ የቀድሞ ባለቤቶች ተበትነዋል ወይም ድርሻቸውን ሸጠው ሄደዋል። ስለዚህ መንግሥት በከተማው ምዕራብ፣ መሐልና ምሥራቅ ፓምፖችና ማጣሪያዎች ተከለ። ፓምፖቹ ወርቁ ባለቀበት ጉድጓድ ውስጥ ሌሊትና ቀን ይሠራሉ፤ የሚሠሩትም በኤሌክትሪክ ነው፤ ከወጪው ብዙው የሚከፈለውም ከሕዝብ ገንዘብ ነው።